ለካርድ ክፍሉ ቀይ ካርድ

መጡ! ዶክተራችን መጡ፤ መንገድ ልቀቁላቸው። ዛሬ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ማዳመጫ አይደለም፣ አቤቱታ ነው። "ኮምፒውተር በእኔና በታካሚዬ መሀል ገባ" እያሉ ነው። ሰማችሁ? መሀል ገባ! ለመሆኑ ከዚያ በፊት መሀላችሁ ባዶ ነበር? ጠረጴዛው ነበር። ስልክዎ ነበር። ግድግዳ ተደግፈው የሚያዛጉ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ "ዶክተር፣ አንዴ ብቻ" የሚል የሰፈር ሰው ነበር። ኮምፒውተሩ በዚያ ግርግር መሀል ቦታ ማግኘቱ ራሱ ጉልበት ነው።

"ድሮ ታካሚዬን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነበር የማክመው" ይላሉ። ዓይን ዓይኑን? የዓይን ሐኪም ነበሩ እንዴ? እኛ የምናስታውሰው አናትዎን ነው። ይጎነበሳሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ፣ ቀና ሳይሉ "ቀጣይ!" ይላሉ። መላጣዎ ከየት እንደጀመረ ከባለቤትዎ ቀድመን ያወቅነው እኛ ታካሚዎችዎ ነን። ኮምፒውተሩ ቢያንስ ቀና አድርጎዎታል። ወደ እኛ ባያዩም ወደ እኛ አቅጣጫ እያዩ ነው፤ ለውጥ በአንድ ቀን አይመጣም።

እሺ፣ ስለ ወረቀት እናውራ። እርስዎ ነዎት ያነሱት፣ እኔን እንዳይሉ። "ወረቀት አይከዳም" ብለዋል። አይከዳም። አይነበብምም። የጻፉትን ነርሷ ገመተችው፤ ፋርማሲስቱ የነርሷን ግምት ገመተው፤ ታካሚው የሁለቱን ግምት ዋጠው። በሦስተኛው ወር ለቀጠሮ ሲመለስ ካርዱን ገልጠው "ይሄን የጫረው ማን ነው?" ብለው ተቆጡ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ "እርስዎ ነዎት ዶክተር" አለ። የሰው ሌባ ሊይዙ ወጥተው ራስዎን ይዘው ገቡ።

ቆይ፣ ገና ነው። ለስኳር ሕመምተኛ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ያዛሉ። 10 ብለው ጽፈው ዩኒት ለማለት "ዩ" የምትባለዋን የፈረንጅ ፊደል ብቻ ይወረውሩላታል። ፊደሏ ከላይ አፏ ክፍት መሆን ነበረበት። በእርስዎ እጅ ግን አፏ ይገጥማል። አፏ ሲገጥም ዜሮ ትሆናለች። 10 የነበረው 100 ሆነ! በውጭው ዓለም የመድኃኒት ደህንነት ሰዎች ይህችን አንዲት ፊደል በማዘዣ ላይ እንዳትጻፍ ከከለከሏት ቆይተዋል። ከነጥብ አምስት በፊት ዜሮ መንፈግንም ከልክለዋል፤ ነጥቧ ከደበዘዘች ግማሹ አምስት ይሆናላ። አሥር እጥፍ! የባንክ ደብተርዎ ላይ ቢሆን እልል ይሉ ነበር። እዚህ ግን ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውየውም አብሮ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ግን "ዩኒት" ብሎ ሙሉውን ይጽፍልዎታል። ቅኔ አይችልም፤ ሰም ብቻ ነው ያለው፤ ወርቁን ፍለጋ ፋርማሲስቱ አይደክምም።

"ማውዝ አልለመድኩም" ያሉትንስ ምን ልበል? የካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ሥር ስንት ማውዝ አለ መሰለዎት! ከእርስዎ ቀድመው ስንቱን ፋይል ከፍተው ጨርሰዋል።

ካርድ ክፍልን ካነሳን ደግሞ በሩ ላይ ቆመን አንወያይ፣ እንግባ። ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፎ 4 ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ይደርሳል። "ካርድዎ አልተገኘም።" "ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነበርኩ እኮ!" "ዶክተሩ ጋ ይሆናላ።" ዶክተሩ ጋ የለም። ላብራቶሪ? የለም። "ለምርምር ወጥቶ ይሆናል" ሲባል ሰውየው ትንሽ ኮራ፤ እሱ ያልጨረሰውን ትምህርት በሽታው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሊጨርስለት ነው። መጨረሻው ግን "አዲስ ያውጡ" ነው። ያወጣል። በዓመቱ ሦስት ካርድ አለው። አንዱ ደም ግፊቱን ያውቃል። አንዱ ኩላሊቱን ያውቃል። ሦስተኛው ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ያውቃል። ሦስቱ ካርዶች ግን ሰላምታ እንኳ የላቸውም። እርስዎም በመጀመሪያው ካርድ ላይ በእርጋታ ፔኒሲሊን ያዛሉ። ኳስ ሜዳ ላይ በሁለት ካርድ ከሜዳ ይወጣል፤ ካርድ ክፍል በሦስት ካርድም ጨዋታ ይቀጥላል።

"ኮምፒውተሩ ለእኔ ምን ጠቀመኝ?" ይላሉ አይደል? ይኸው። የአንድ ሰው የኩላሊት ምርመራ፣ ክሪያቲኒን፣ መጀመሪያ 1.1 ነበር እንበል። በስድስተኛው ወር 1.6። በዓመቱ 2.4። ሦስቱ ቁጥሮች በሦስት ካርድ ተበታትነው ከተቀመጡ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ "እንከታተለዋለን" የሚያሰኝ ነው። ስክሪን ላይ አንድ መስመር ሆነው ሲቆሙ ግን ኩላሊቱ ሻንጣውን እያዘጋጀ መሆኑ ለጥበቃው እንኳ ይታያል። የላብራቶሪ ውጤት ፍለጋ ተማሪ ከፎቅ ፎቅ መላክ ይቀራል። ደም አቅጣኝ የሚወስድን ሰው ከእሱ ጋር የሚጣላ መድኃኒት ሲያዙለት "ኧረ ዶክተር!" የሚል ነገር አለ። ነርሷም ይህንኑ ስትነግርዎት ነበር። እሷን ግን "ሥራሽን ሥሪ" ይሏታል፤ ኮምፒውተሩን እንደዚያ ማለት አይቻልም።

"ታካሚው ታሪኩን በአፉ ይነግረኛል" አሉ? ይነግርዎታል። በፌስታል። ከገጠር ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ እናት ፌስታላቸውን ሲፈቱ አይተዋል መቼም። መጀመሪያ ቋጠሮው፤ እሱ ብቻውን የአንድ ታካሚ ሰዓት ይበላል። ከዚያ አራት ቦታ የታጠፈው የሪፈር ወረቀት ይወጣል። እጥፉ ላይ ያለው መስመር ተበልቷል፤ የበሽታው ስም ደግሞ ሁልጊዜ እጥፉ ላይ ነው የሚውለው። ቀጥሎ ከማሽን የወጣችው ቀጭን የላብራቶሪ ወረቀት፤ ቀለሟን ሙቀት ወስዶት ንጹሕ ነጭ ሆናለች፤ ውጤቱ "ምንም የለም" ነው ማለት ይሆን? ቀጥሎ የኤክስሬይ ፊልም። ወደ መስኮቱ ያነሱታል። ደረት ነው። የማን ደረት? ስሙ ተፍቋል። ቀጥሎ የክኒን ቅርፊት፤ "ይቺን ስውጥ ይሻለኛል" ይላሉ እናት፤ ስሟ ያለበት ወገን ተቀዷል። እታች ላይ የመብራት ሂሳብ ደረሰኝ። እሱንም ዓይንዎን ሰብሰብ አድርገው ያነቡታል፤ ከፌስታሉ ውስጥ የሚነበበው እሱ ብቻ ነዋ!

ይኸው ነው እንግዲህ የሚያለቅሱለት ሲስተም። ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይገባል። ባክአፕ የለውም። አውቶቡስ ላይ የተረሳ እንደሆነ ሴትየዋ ያለ መድኃኒት ዳኑ ማለት ነው፤ አልታመሙም፣ ማስረጃ የለማ!

አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? አዎ አንተ፣ እዚያ ጥግ ላፕቶፕ ያቀፍከው! "ሲስተም አስገባን፣ ችግር ወጣ" ባዩ! ዶክተሩን ስለነካሁልህ የአንተ ወገን የሆንኩ መሰለህ? "ኮምፒውተር አይሳሳትም" ነው ያልከው? ና ቁጭ በል፣ ሳንፍራንሲስኮ ልውሰድህ፤ ቪዛ አልጠይቅህም።

ጊዜው በፈረንጅ 2013 ነው። ቦታው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፤ ኮምፒውተር የሞላበት፣ ሮቦት የሞላበት። አንድ የ16 ዓመት ልጅ በፊትም ሲወስደው የኖረውን የኢንፌክሽን መከላከያ ሊውጥ ነው፤ እኛ ኮትሪሞክሳዞል የምንለውን። አንድ ክኒን፣ 160 ሚሊግራም። ሐኪሟ 160 ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ግን "ሚሊግራም" ላይ ሳይሆን "ሚሊግራም በኪሎ" ላይ ነበር የቆመው። ልጁ 38 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል። ኮምፒውተርህ ምን አደረገ? አባዛ! ማባዛት መቼ ሰልችቶት ያውቃል? 38 ክኒን ተኩል! ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ሐኪሟ ዘለለችው። ፋርማሲስቱ ጋም ብቅ አለ። እሱም ዘለለው። ሮቦቱ አንዲት ሳያጎድል ቆጥሮ አሸገ። ነርሷ ግር አላት፤ ግን ባርኮዱን ስታስነብበው ማሽኑ "ትክክል ነው" አላት። ልጁ ዋጠ። ሠላሳ ስምንቱንም። ተኩሏንም! እኔን የምትገርመኝ ተኩሏ ናት። ሠላሳ ሰባቱ ትርፍ ያላስጨነቀው ማሽን ስለ ግማሿ ክኒን ትክክለኛነት ተጨንቋል። ልጁ ራሱን ስቶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ተመስገን ነው ተረፈ። እዚያው የሚሠራው ሐኪም ሮበርት ዋክተር "ዘ ዲጂታል ዶክተር" ባለው መጽሐፉ ታሪኩን ዘርዝሮ ጽፎታል። በወረቀት የሚሠራ የእኛ ሰፈር ፋርማሲስት ቢሆን "38 ክኒን? ወንድሜ፣ ካርቶኑን ልስጥህ?" ብሎ ስልክ ይደውል ነበር።

አንድ ለወረቀት! ያዙልኝ። ዶክተር፣ ያጨብጭቡ፤ ሁለተኛ አይደገምም።

ለምን ማስጠንቀቂያውን ዘለሉት ትለኛለህ? "እርግጠኛ ነህ?" እያልክ አሰልችተሃቸው ነዋ! ፓራሲታሞል ሲያዝ "እርግጠኛ ነህ?" ቫይታሚን ሲያዝ "እርግጠኛ ነህ?" ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲህ ከተጠየቀ ማታ ላይ የሠርጉን ቃል ኪዳንም ሳያነብ "እሺ" ይላል። እንዲያውም ብዙዎቹ እንደዚያ ነው ያገቡት።

አሁን ዶክተራችን ደፈር አሉ። "ጸሐፊ አደረጉኝ!" እያሉ ነው። እዚህ ላይ ሐቅ አለዎት፤ ሐቅ ያለው ሰው እንዴት እንደሚያስጠላኝ! አሜሪካኖቹ ለክተውታል። "አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን" ላይ በፈረንጅ 2016 የወጣ ጥናት እንዳለው፣ ሐኪሙ ታካሚ ፊት ለፊት ለሚያሳልፋት ለእያንዳንዷ 1 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ ለኮምፒውተሩና ለጠረጴዛ ሥራ ይገብራል። ማታ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ሌላ ከ1 እስከ 2 ሰዓት። ይህችን የማታዋን "የፒጃማ ሰዓት" ብለው ይጠሯታል። አስቡት፤ ስለ ኪንታሮትዎ የሚጻፈው ዝርዝር በፒጃማ ነው የሚጻፈው።

እንዴት እዚህ ደረሱ? በፈረንጅ 2009 መንግሥታቸው "ኮምፒውተር ያስገባ ሆስፒታል ይሸለማል" ብሎ 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ረጨ። ገንዘብ ሲረጭ የማይበቅል ነገር የለም። ዊስኮንሲን ውስጥ ከፈረንጅ 1979 ጀምሮ ሶፍትዌር ሲሠራ የኖረው ኤፒክ የተባለው ድርጅት ይኸው ዛሬ ብዙዎቹን የአገሩን ትልልቅ ሆስፒታሎች ሰብስቦ ይዟል። ችግሩ ሲስተሙን ለመግዛት የፈረመው ሐኪሙ አይደለም፣ ሂሳብ ክፍሉ ነው። ሂሳብ ክፍል የገዛው ሲስተም ደግሞ ታካሚ ሲገባ "ምን አመመህ?" አይልም፤ "ማን ነው የሚከፍልልህ?" ነው የሚለው። ልቡን የያዘው ሰው ልቡን ይዞ ይጠብቃል፤ ሲስተሙ ኪሱን እስኪይዝ።

ከዚያስ ምን አደረጉ? የጥንቱን የቤተ መንግሥት ማዕረግ መለሱት። ድሮ ንጉሡ ይናገራሉ፣ ጸሐፌ ትእዛዙ ይጽፋል። ዛሬ ሐኪሙ ትእዛዝ ይናገራል፣ ከጀርባው የቆመ ወጣት ይተይባል። እነሱ ስክራይብ ይሉታል። አሁን ደግሞ ወጣቱንም አሰናብተው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥግ ላይ ሆኖ እያዳመጠ ይጻፍ እያሉ ነው። እኛ ጋ ቢመጣ ሥራው ይታየኛል! "ሆዴን ይነድለኛል፣ ጎኔን ሰቅዞ ይይዘኛል፣ ወገቤን ይጠዘጥዘኛል፣ ልቤን ዝቅ ዝቅ ይለኛል" ሲባል ማሽኑ ራሱ ቀጠሮ ይጠይቃል።

ሲስተሙማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ "ሕመምዎ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው?" እናታችን አሰቡ፣ አሰቡ፣ "ስንት ብል ይሻላል?" አሉ። ገበያ የገቡ መስሏቸዋል፤ 10 ብለው ይጀምሩና 6 ላይ ይስማማሉ። የበሽታ ኮዱስ! አሜሪካ ከፈረንጅ 2015 ጀምሮ የምትጠቀምበት ዝርዝር ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ኮድ አለው። ዳክዬ ለመታው ሰው ኮድ አለ። ልቀልድ ብል እንኳ ከዚህ የባሰ አልፈጥርም፤ ደብልዩ 61.62 ብላችሁ ፈልጉት። የአውሮፕላን ሞተር ለሳበው ሰው ኮድ አለ። ሞተር የሳበው ሰው ለክትትል ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ለብቻው ሌላ ኮድ አለ። ለክትትል! እንግዲህ በ70 ሺህ ኮድ ውስጥ ምች የመታው ኢትዮጵያዊ የለም። ዳክዬ ብትመታን ኖሮ ተከብረን ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ላፕቶፑ ልጅ፣ አንተ አትነሳ። እኛ ጋ ሲስተሙ የሚሠራው ለሂሳብ ክፍል እንኳ አይደለም፤ ለሪፖርት ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው እቅዱ "የመረጃ አብዮት" ብሎ አወጀ። በዚያው እቅድ ውስጥ ባለሙያው "ተንከባካቢ፣ አክባሪና ሩህሩህ" እንዲሆንም አዘዘ። ባለሙያውም ታዘዘ፤ ኪቦርዱን ይንከባከባል፣ ስክሪኑን ያከብራል፣ ሲስተሙ ሲሞት ያዝናል። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሲስተም ስንት ሰው ወባ እንደያዘው አሳምሮ ይቆጥራል፤ እርስዎ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ትናንት ምን እንደዋጠ ግን አይነግርዎትም፤ ሥራውም አይደል። ከእሱ በፊት ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራው ስማርት ኬር ነበር፤ እሱ የታካሚውን መዝገብ ለመያዝ ነበር የመጣው። የመጣበት ሁሉ ግን ወረቀቱ አልሄደም። ነርሷ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ ካርዱ ላይ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ። ለምን? "ለጥንቃቄ።" አብዮቱ ፈነዳ፤ መዝገቡ ግን ከዙፋኑ አልወረደም።

ደግሞ እኮ ሲስተማችሁ የእኛን ቀን አያውቅም። ጳጉሜ የለውም። ጳጉሜ 3 የተወለደ ሕፃን እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል፣ ሲስተሙ ግን "ትክክለኛ ቀን ያስገቡ" እያለ ነው። ሽማግሌው "ዕድሜዎ?" ሲባሉ "ጣሊያን ሲወጣ ከብት አግድ ነበር" ይላሉ። ለታሪክ ተመራማሪ በቂ ነው፤ ሲስተሙ ግን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልተሞላ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ ካርድ አውጪው "ጃንዋሪ 1" ይላቸዋል። ቀጥሎ ያለውንም ጃንዋሪ 1። የአንድ ወረዳ ሽማግሌና አሮጊት በሙሉ በአንድ ሌሊት ተወለደ። ምን ዓይነት ምጥ ነበር ያ! ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚሰጠው መርፌ ደግሞ 2 ተብሎ ሲገባ በሲስተሙ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሆነ፤ ተረኛዋ ነርስም እንቅልፍ የወሰደውን ሰውዬ ቀስቅሳ ወጋችው። ስሙስ! አቶ ኃይሉ መጡ። ካርድ አውጪው በሃሌታው "ሀ" ፈለጋቸው። "የሉም።" በሐመሩ "ሐ" ፈለገ። "የሉም።" በብዙኃኑ "ኀ" ፈለገ። "የሉም።" አቶ ኃይሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ያስላሉ። "አባት፣ ሲስተሙ የሉም ይላል።" "ልጄ፣ ልሞት ነው የመጣሁት እንጂ ሞቼ አልመጣሁም።" ያን ጊዜ ነው የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር ፋይዳው የሚገባችሁ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ ሀሁ የማያከራክረው።

ዶክተር ደስ ብሎዎታል። "ያልኩት ይኸው አይደል!" እያሉ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ሲስተም ሲሠራ "ሐኪሞች ይምጡና የሚፈልጉትን ይናገሩ" ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የት ነበሩ? አበል የለውም ብለው ቀሩ! በእርስዎ ወንበር ሌላ ሰው ተቀመጠ። ለሪፖርት የሚያስፈልገውን ጠየቀ። ተሠራለት። አሁን ስልሳ ሳጥን ሲሞሉ የሚውሉት ለዚያ ወንበር ነው። ለሥልጠናው ጊዜ ግን መጥተዋል፤ አይቻለሁ፤ ከሻይ እረፍት በኋላ የፈረሙበት ወረቀት አለ። ወረቀት አይከዳም ብለዋላ!

"መብራት ሲጠፋስ?" አሉ። ጠብቄዎት ነበር፤ ይህችን ሳይጥሉ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ኤክስሬዩም ይጠፋል። የላብራቶሪው ማሽንም ይጠፋል። የቀዶ ሕክምናው መብራትም ይጠፋል። ያኔ "በኩራዝ ሆድ መክፈት ይሻላል" ብለው ያውቃሉ? ጄኔሬተር ይነሳ ብለው ጮኹ እንጂ! ለቢላዋ ጄኔሬተር፣ ለመዝገብ እስክሪብቶ፤ ፍርዱ የማን ነው? "ሲስተም የለም" የምትባለዋን ነገርማ ሁላችንም እናውቃታለን። ድሮ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ትባል የነበረችው ናት፤ ስሟን ቀይራ ነው የመጣችው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። እዚያ ከፈረንጅ 2021 ሚያዝያ ወዲህ ውጤት ለታካሚው ሳይዘገይ እንዲደርሰው ሕጉ ያስገድዳል። እማማ ደም ሰጥተው ቤታቸው ሳይደርሱ ስልካቸው ይጮኻል። ልጃቸው ታነባለች፣ ስልኩ ይተረጉማል፣ ጎረቤት ያብራራል። ሐኪሙ "ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም" ሊል ሲደውል እማማ ንስሐ ገብተው፣ ቤቱን ለማን እንደሚሰጡ ተናግረው ጨርሰዋል። ይህን ስነግርዎት ለምን ደነገጡ? "ታካሚው የጻፍኩትን ሊያነብ ነው?" አሉ። አሃ! የመሀል ሰው ያሉት ኮምፒውተሩን አልነበረማ። ታካሚው ነው ለካ መሀል የገባብዎት!

አሁን የቀረችዎት አንዲት ክርክር ናት። "ምስጢር ይወጣል።" የማን ምስጢር? "የቲቢ ክትትል ያላችሁ በዚህ በኩል!" ተብሎ ኮሪደሩ ላይ ሲለፈፍ የት ነበሩ? የጎረቤቷን ካርድ "አደርስልሻለሁ" ብላ መንገድ ላይ እያነበበች የምትሄደዋን አላዩም? በእርግጥ ላፕቶፑ ልጅ፣ አንተም አትዝናና። ካርድ ቢሰረቅ የአንድ ሰው ነው፤ የአንተ ሰርቨር ቢሰረቅ የከተማው ነው። በፈረንጅ 2017 ግንቦት ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ኮምፒውተር ቆለፈ። በሺዎች የሚቆጠር ቀጠሮ ተሰረዘ። ሐኪም እንደ አሸዋ በሞላበት ቤት ቫይረስ የሚያክም ጠፋ! እኛም አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። ስለ ጤናዎ የተጻፈ ነገር ከሌላው መረጃ በተለየ ጥንቃቄ ይያዝ ይላል።

ኮምፒውተሩ ግን ወረቀት የሌለው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል። "ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አይቼዋለሁ" ያሉት ታካሚ ፋይሉ የተከፈተው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው። ወረቀት ላይ 3 ሰዓት ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ወረቀት አይከዳም ያሉት ይህን ኖሯል! ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ በእርስዎ ስም በአንድ ሰዓት ድንገተኛ ክፍልም፣ ተመላላሽም፣ ዋርድም ታካሚ ታይቷል። እንደ ጻድቃን በሦስት ቦታ ተገኝተው ካልሆነ በቀር ተማሪው ሁሉ በእርስዎ ፓስወርድ እየገባ ነው። ከየት አገኙት አይበሉ። ስክሪኑ ጥግ ላይ በቁስል ፕላስተር ለጥፈውት የለ እንዴ! ከበሩ ሆኜ አነበብኩት። በዕድሜዎ ሙሉ ከጻፉት ሁሉ የሚነበበው እሱ ብቻ ነው።